ዳገቱና ደጀኑ



ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው ከአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። ከፋሲካ በፊት በሁለተኛው ክፍል አጭር ምንባብ እያነበብን ነበር። ውስጡ «አህያዋ ዳገቱን ስትወጣ ደከማት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ዳገት ምንድን ነው?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ «ይኸውና» ልለው ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በመስኮቱ የሚታየው ግን የባተርሲ መንገድ ነው፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሜዳ። ፓርኩም ሜዳ፣ የቴምዝ ዳርም ሜዳ። ደብተር አነሳሁ፣ አዘነበልኩት፣ በሁለት ጣቴ እየተራመድኩ ከታች ወደ ላይ ወጣሁበት። ልጁ ትንሽ አሰበና «እ... እንደ ኤስካሌተር ነው?» አለ። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ እኔም ሳቅሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ፊደሉን ከሁሉም ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ነው። «ዳገት»ን ያላወቀው ዳገትን በአማርኛ አግኝቶት ስለማያውቅ ነው። እኛ ቃሉን የተማርነው ከደብተር አይደለም። ውሃ ስንቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስንመላለስ፣ እንጦጦ ልንሳለም ስንወጣ እግራችን ነው ያስተማረን። የእኛ ልጆች የሚያውቁት ትልቁ ከፍታ የባተርሲ ፓወር ስቴሽን ጭስ ማውጫ ነው። ከአራቱ ጭስ ማውጫዎች በአንደኛው ውስጥ ያለው ሊፍት ሰውን እስከ 109 ሜትር ያወጣል። ቆሞ መውጣት ነው፤ ላብ የሚባል ነገር የለውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሻይ ሰዓት ይህንን ለሌሎቹ አስተማሪዎች አወራሁላቸው። ከወሬ ወሬ «ልጆቹን ለምን ተራራ አናወጣቸውም?» ተባለ። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ እኛ ራሳችን እንቻለው» አለች አንዷ። በቃ፣ በግንቦት መጨረሻ ባንክ ሆሊደይ አራት ሆነን ለመሄድ ተስማማን።

አራታችን

ስማችንን መጻፍ አላስፈለገም፤ ልጆቻችሁ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይነግሯችኋል። አንዱ ደባርቅ ተወልዶ ያደገው የትልልቆቹ ክፍል አስተማሪ ነው። ሁለተኛዋ የጀማሪዎች ክፍል አስተማሪያችን፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከፍታ ላይ ስትቆም የሚያዞራት። ሦስተኛዋ እዚሁ ባተርሲ የተወለደች፣ ድሮ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረች፣ ዛሬ በረዳትነት የምታገለግል። አማርኛዋ ይሰማል፣ ግን ይሰባበራል። አራተኛው ሰው እኔ ነኝ።

ከእኛ መካከል ስለ ተራራ አፉን ሞልቶ መናገር የሚችለው የደባርቁ ልጅ ብቻ ነው። ተማሪ በነበረ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ራስ ደጀን ወጥቷል። ከጨነቅ ተነስተው፣ 4,430 ሜትር ያለውን ቧሂትን አልፈው፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርደው፣ እንደገና ወደ አምቢቆ ወጥተው አደሩ። ከዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ባትሪ አብርተው ጉዞ ጀመሩ። ጫፉ አካባቢ ድንጋይ ስለሆነ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። ወጥተው ሲመለሱ ቀኑ መሽቶ ነበር። ስለ ጅብራው፣ ስለ ጭላዳው፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ስለሚያድረው ውርጭ ሲያወራ ሰው ሻዩን ይረሳል።

ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ነው፤ በኢትዮጵያ ከፍተኛው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው። ልጆቻችንን ይዘን እዚያ ብንሄድ ምንኛ ደስ ባለን። ነገር ግን መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት መንገዱን ዘግቶብናል። ብዙዎቻችሁ እዚያ ዘመድ ስላላችሁ ከዚህ በላይ አልልም። ሰላሙን ያምጣልን።

ስለዚህ በቅርብ ያለውን መረጥን። እንግሊዞቹ ስኖውደን የሚሉት የዌልስ ተራራ 1,085 ሜትር ነው። ከፓወር ስቴሽኑ ሊፍት አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። የደባርቁ ልጅ ቁጥሩን ሲሰማ ሳቀ። «ደባርቅ ከተማው ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው እኮ! ይሄማ ጉብታ ነው።» እውነቱን ነው፤ የስኖውደን ጫፍ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ግን እግር የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ጀምሮ አይደለም፤ ከተነሳበት ነው። እኛ የምንነሳበት ፔን-ኧ-ፓስ የሚባለው ቦታ 359 ሜትር ላይ ነው። እስከ ጫፉ 726 ሜትር ሽቅብ አለ። ሊፍቱን ሰባት ጊዜ ያህል በእግር መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስትን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ቡድንም የተለማመደው እዚሁ አካባቢ ነው። ይህንን ስነግረው ትንሽ ዝም አለ።

«ስምንት ሰዓት»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስምንት ሰዓት ክላፋም ጀንክሽን እንገናኝ ብለን ተቀጣጠርን። እሑድ ጠዋት ገና ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የባተርሲዋ ልጅ ናት። «ቆሜአለሁ። የት ናችሁ?» የሚል መልእክት። ሰዓቱን አየሁት፤ በፈረንጅ ስምንት ሰዓት፣ በእኛ ሁለት። ስምንት ሰዓት ስንላት እንግሊዝኛው መጣባትና ቦርሳዋን አዝላ በጠዋቱ ቆማለች።

መኪና ውስጥ ይህ ነገር ዋና ጨዋታችን ሆነ። የደባርቁ ልጅ «ስምንቷ» የሚል ስም አወጣላት። አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር አንዳችን እናርማታለን፣ ሌላው ይስቃል። «መኪናው መጣች» ስትል «መጣ!» እንላለን በአንድ ድምፅ። እሷም አብራን ትስቅ ነበር። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ከኦክስፎርድ በኋላ ግን ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። ብዙም አላስተዋልነውም።

የዌልስን ድንበር ካለፍን በኋላ ምልክቱ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ሆነ። አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል «አራፍ» የሚል ተጽፏል። በዌልስ ቋንቋ «ቀስ በል» ማለት ነው። ለእኛ ግን «አረፍ በል» ሆኖ ተነበበን፤ ትርጉሙም ብዙ አልራቀ! ያደርንበት መንደር ደግሞ ቤተስ-ኧ-ኮይድ ይባላል፤ በጫካ ውስጥ ያለ የጸሎት ቤት ማለት ነው። ቋንቋዎቹ ዝምድና የላቸውም፤ መገጣጠም ነው። ቢሆንም «ቤተስ» እና «ቤተ ጸሎት» ሲገጥሙ፣ ያውም በዛፍ ተከቦ፣ አገራችን የገባን መሰለን።

ተራራውም የራሱ ስም አለው። በዌልስ ቋንቋ «ኧር ዊዝቫ» ይባላል፤ የመቃብር ጉብታ እንደማለት ነው። ተረቱ ንጉሥ አርተር የገደለው አንድ ግዙፍ ሰው እዚያ ተቀብሯል ይላል። የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝኛ ስሙ ፈንታ በዚህ ስሙ ለመጠቀም ወሰነ። በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የዌልስን ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ቁራጭ ይንጠለጠልበት ነበር። ዛሬ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ቋንቋውን እንናገራለን ያሉት 538 ሺህ ያህል ናቸው። ማታ ሆስቴሉ ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን በዚሁ ቋንቋ እየተቆጣች ታበላ ነበር። ልጆቹ ለእሷ በዌልስ ቋንቋ መለሱ፣ ወደ እኛ ዞረው በእንግሊዝኛ «ሃሎ» አሉን። የጀማሪዎች አስተማሪያችን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ለንደን ከአምስት ሰዓት መንገድ በማይበልጥ ቦታ!» አለች።

ጉም

ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፔን-ኧ-ፓስ ደረስን። የመኪና ማቆሚያው በበጋ ቀድሞ ስለሚያዝ ቦታችንን ከሳምንታት በፊት ይዘን ነበር። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦ ነው። ካርታውን የያዘችው የባተርሲዋ ልጅ ናት። በትምህርት ቤት ሳለች በዌልስ ተራሮች ስለተጓዘች ከእኛ ሁሉ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ወደ ጫፉ የሚያወጡ ዋና ዋና መንገዶች ስድስት ናቸው። እኛ የያዝነው ፒግ የሚባለውን ነው። ጅማሬው በደረጃ መልክ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ ከተነሳን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጃኬት ወለቀ። ቡልኽ-ኧ-ሞኽ የሚባል በር ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በስተቀኝ የሚወጣው ክሪብ ጎኽ ወደሚባል፣ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ፣ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ሸንተረር ይወስዳል። ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገባበታል። የደባርቁ ልጅና እኔም ልባችን ወደዚያው ነበር፤ እሷ ናት ጠርታ የመለሰችን።

እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው የታወቀ ስሌት አለ፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በዚያ ስሌት ሁለት ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ጫፍ ላይ መሆን ነበረብን። ስሌቱ ግን የጀማሪዎች አስተማሪያችንን አያውቃትም። ገደል በታየ ቁጥር ትቆማለች፣ ግድግዳውን ይዛ ትተነፍሳለች፣ «ሂዱ ሂዱ፣ እደርሳለሁ» ትለናለች። እኛም መሄድ ጀመርን። መጀመሪያ አሥር እርምጃ ቀደምናት፣ ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ አንድ መታጠፊያ።

ከግላስሊን ሐይቅ በላይ መንገዱ ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ከቀኑ ሁሉ ከባዱ አቀበት ይህ ነው። እዚያ ስንደርስ ጉም ወረደ። መሬቱን የሚዳስስ ወፍራም ጉም፤ ፊት ለፊት የሚሄደው ሰው ቦርሳ ብቻ ይታያል። የደባርቁ ልጅና እኔ እልህ ተያያዝን። ማን ይቀድማል እየተባባልን፣ ኋላችንን ሳናይ፣ ቡልኽ ግላስ ላይ ካለው የቆመ ድንጋይ ደረስን። ከዚያ ወደ ጫፉ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ዞር አልን። ማንም የለም።

አምስት ደቂቃ ጠበቅን፣ አሥር ደቂቃ። ሌሎች ሰዎች ከጉሙ ውስጥ እየወጡ ያልፉናል፤ የእኛዎቹ የሉም። ነፋሱ ላባችንን ቀዝቃዛ አደረገው። ስማቸውን ጠራን፤ ጉም ድምፅ ይበላል። ስልክ አይሠራም። ካርታውም፣ ፊሽካውም ያለው ከታች ነው። ከዚያች ቅጽበት በፊት ተራራ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የደባርቁ ልጅ ቀልዱን ትቷል። «ደጀን አላስቀመጥንም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ደጀን። እኛ አገር በቡድን ሲኬድ መንገድ የሚያውቀው ይመራል፣ ጠንካራው ግን ከኋላ ነው የሚሆነው። የደከመውን ሳያይ የሚያልፍ የለም። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው የሮጥኩት።» ከዚያ ሌላ ሳይናገር ወደ ጉሙ ቁልቁል ወረደ።

እኔ ድንጋዩ ሥር ቆሜ ያችን ቃል ሳብሰለስል ቀረሁ። ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚያግዝ፣ ፊተኛው ሲደክም የሚደርስ ኃይል ማለት ነው። የተራራችንን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ዳሽን ስንል ባንኩና ቢራው ይመጣብናል፤ ይህም አጠራር ከደጀን የተጣመመ ነው ይባላል። ስንት ጊዜ ለተማሪ «የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ማን ይባላል?» ብዬ ጠይቄአለሁ። ስሙ ምን ይላል ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

«እግርህን እዚህ አድርግ»

ሦስቱም ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የጀማሪዎች አስተማሪያችን ከፊት፣ የባተርሲዋ ልጅ ከጎኗ፣ የደባርቁ ልጅ ከኋላቸው። ምን ሆነው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። እርጥብ ድንጋይ አንሸራቷት በአንድ ጉልበቷ ወድቃለች። ብዙም አልተጎዳችም፤ ግን ጉሙ ገደሉን ሸፍኖት ስለነበር የት እንዳለ ሳታውቀው ቀረችና ደርቃ ቀረች። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለች።

«እንመለስ?» አልናት። ተራራው የትም አይሄድም፤ መመለስም ነውር አይደለም። ትንሽ አሰበችና «የለም፣ ግን ከፊት እኔ ልሁን» አለች። ከዚያ በኋላ የሄድነው በእሷ እርምጃ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንደዚያ። እስከ አምስት ሰዓት፣ በጠቅላላው በአራት ሰዓት ተኩል፣ ጫፍ ላይ ወጣን።

ጫፉ ላይ ያየነውን ልንገራችሁ፤ ምንም። ነጭ ብቻ። ምልክት ድንጋዩ ዘንድ ቆሞ ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ አለ፤ እንደ ታክሲ ሰልፍ። ይባስ ብሎ ከ1896 ጀምሮ እስከ ጫፉ የሚወጣ ባቡር ስላለ፣ እኛ በላብ ተጠምቀን ስንደርስ ንጹሕ ጫማ ያደረጉ አያቶች ከባቡር እየወረዱ ቡና ይገዛሉ። የደባርቁ ልጅ «ይሄ ደግሞ ኤስካሌተሩ ነው!» ሲል ሁላችንም እስኪያመን ሳቅን።

ስንወርድ በማይነርስ መንገድ በኩል ነው። የድሮ የመዳብ ማዕድን ሠራተኞች መንገድ ነው። መጀመሪያው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነውና ጉራው ሁሉ እዚያ ጠፋ፤ የደባርቁ ልጅ ጉልበቱን ይዞ «ለንደን አርጅቼ ቀረሁ» እያለ ምርኩዝ ተበደረ። ግላስሊን ዳር ስንደርስ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ግላስሊን ሰማያዊ ሐይቅ ማለት ነው፤ እውነትም ሰማያዊ። ተቀመጥን፣ በሶ በጠበጥን፣ ድፎውን ቆረስን።

ያኔ ነው የጀማሪዎች አስተማሪያችን የተናገረችው። «እዚያ ላይ ይቺ ልጅ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃላችሁ? "እግርህን እዚህ አድርግ፣ አሁን እጅህን እዚህ" ትለኛለች። ወንድ አደረገችኝ እኮ!» ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ግን እግሬን የት እንደማደርግ ገባኝ። አንዷንም ቃል አላጣሁትም።»

ይህች ሴት በየሳምንቱ «አንተ» እና «አንቺ»ን ስታርም የምትውል ናት።

የባተርሲዋ ልጅ አንገቷን ደፋች። ከኦክስፎርድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ነበር የተናገረችው፣ ቃል በቃል እየፈለገች። «እሷ ፈራች። እኔም ፈራሁ። እንግሊዝኛ አልመጣልኝም። እማዬ የምትለኝ ብቻ መጣልኝ፤ "አይዞሽ፣ አለሁ"። ደጋግሜ አልኩት። ከዚያ ሌላው ሁሉ መጣ።» ትንሽ ዝም አለችና ጨመረች። «መኪና ውስጥ ስናገር ትስቃላችሁ። እዚያ ማንም አልሳቀም።»

ማናችንም የምንመልሰው አልነበረንም። እኛ የቋንቋ አስተማሪዎች ነን። አንድ ተማሪያችን የነበረች ልጅ ከኋላ ስትቀር ሳናያት የሄድነው ጉሙ ውስጥ ብቻ አልነበረም። የደባርቁ ልጅ ተነሳ፣ የበሶውን ኩባያ በሁለት እጁ ያዘና አቀረበላት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ስምንቷ የሚለው ስም እዚያው ሐይቁ ዳር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ

ከግማሽ ተርም ዕረፍት በኋላ በየክፍሉ አንድ ነገር ጀምረናል። በትምህርቱ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ልጆቹ ስለ ሳምንታቸው ያወራሉ፤ በዚያ አሥር ደቂቃ ማንም አይታረምም፣ በማንም አይሳቅም። እርማት ቀረ ማለት አይደለም፤ የራሱ ሰዓት አለው። ልጁ «እማዬ መጣ» ካለ «አይደለም!» አንለውም። «አዎ? እማዬ መጣች? በስንት ሰዓት መጣች?» እንለዋለን። ትክክሉን ይሰማል፣ ወሬውም አይቋረጥም። እስካሁን ያየነው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ግን ሁልጊዜ «አላውቅም» ብቻ ይሉ የነበሩ ሁለት ሦስት ልጆች አሁን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ነው። የተሰበረ ቢሆንም ሙሉ ነው።

እናንተንም የምንለምናችሁ ይህንኑ ነው። እኛ በሳምንት የምናገኛቸው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ መንገዱን እናሳያለን እንጂ ከኋላ ሆነን የምንጠብቃቸው አይደለንም። ደጀኑ እናንተ ናችሁ። ልጁ ከአያቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ከጎን ሆኖ ቃል ማቀበል እንጂ ስልኩን መንጠቅ አያስፈልግም። እንግዶች ፊት አማርኛው ቢንገዳገድ «አየሽ፣ እንዲህ ነው የሚናገረው» ብሎ ማሳቅ ይቅር። የእርምጃውን ልክ እሱ ይወስን። ስልችት ሲለው «አራፍ» በሉት፤ ዌልሶች እንደሚሉት።

ለቦክስ ሂል እንዘጋጅ

በትምህርት ዘመኑ የመጨረሻ ቅዳሜ ክፍል የለም፤ ሁላችንም ከነልጆቻችን ሱሪ ውስጥ ወዳለው ቦክስ ሂል እንሄዳለን። ከክላፋም ጀንክሽን በባቡር ቦክስ ሂልና ዌስትሃምብል ጣቢያ ድረስ ነው። ከፍታው 224 ሜትር ብቻ ነው፤ ግን እውነተኛ ዳገት አለው። ጫማው የማያንሸራትት ይሁን፣ የዝናብ ጃኬት አይረሳ፣ ስንቅ ከቤት ይያዝ። እያንዳንዱ ቡድን ከፊት አንድ መሪ፣ ከኋላ አንድ ደጀን ይኖረዋል። ማንም ከደጀኑ ኋላ አይቀርም።

ወደ ትልልቆቹ ተራሮች በራሳችሁ ለምትሄዱ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ሽቅብ በ1,000 ሜትር የአየሩ ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን በሉ። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ መቆም፣ መድገም ነው። በስኖውደን ሰው የሚያድኑት የላንቤሪስ ቡድን አባላትም እንደ እኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም።

እስከዚያ ከልጆቻችሁ ጋር እነዚህን ቃላት ተጫወቱባቸው፦

ዳገት (አቀበት)፦ ወደ ላይ የሚያስወጣ መንገድ፤ የሚያስተነፍሰው።
ቁልቁለት፦ ወደ ታች የሚያወርደው፤ ጉልበት የሚፈትነው።
ሸንተረር፦ የተራራ ጀርባ፤ ረዝሞ የሚሄደው።
ጉም፦ ወደ መሬት የወረደ ደመና።
ስንቅ፦ ለመንገድ ከቤት የሚያዝ ምግብ።
ደጀን፦ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቅና የሚያግዝ።

ያ የኤስካሌተሩ ልጅ ስሙን መጀመሪያ አስመዝግቧል። እናቱ እንደነገረችኝ ከሆነ በየቀኑ «ዳገቱ መቼ ነው?» እያለ ይጠይቃታል። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ይሁን አይሁን አልመረመርኩም። ቅዳሜው ሲደርስ ከኋላው የምሄደው እኔ ነኝ።